የአንጥረኛው ልጅ እና የባህሩ መስታወት፦ የማይክል ፋራዴይ ሕይወት

ዛሬ ከባህር ላይ ተነስተን አንድ ሰው ቤት እንገባለን። ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ሻይ ወይም ቡና ያዙና ተከተሉን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብዙዎቻችን ባህር ላይ ጀልባ ነድተን አናውቅም። ግን እስቲ ለአፍታ ራሳችንን በአንዲት አነስተኛ ጀልባ መሪ ፊት እናስቀምጥ። ሌሊት ነው። ነፋሱ ያፏጫል። ማዕበሉ የጀልባዋን አፍንጫ በመታ ቁጥር ውሃው ተረጭቶ የፊት መስታወቱን ያለብሰዋል። ዝናብ ቢሆን ኖሮ መጥረጊያው ግራ ቀኝ ብሎ ይገላገለው ነበር። የባህር ውሃ ግን እንደ ዝናብ አይደለም። በአንድ ሊትር የባህር ውሃ ውስጥ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ውሃው ሲደርቅ ጨዉ መስታወቱ ላይ ይቀራል፤ ነጭና ብዥ ያለ ሽፋን ይሆናል። በደረቅ ጨርቅ ብትጠርጉት ይብሱን ይለቀለቃል። ስለዚህ ባህረኞች መጀመሪያ ጨው የሌለበት ውሃ ያፈሱበታል፤ ጨዉ ሲሟሟ ነው የሚጠርጉት። የማያይ ነጂ ደግሞ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ለመገመት ባህረኛ መሆን አያስፈልግም።

ለዚህ ችግር በ1917 እንግሊዝ አገር ውስጥ አንድ ብልህ መላ ፓተንት ተደረገ። በመርከቡ የፊት መስታወት ላይ ክብ መስታወት ይገጠማል፤ ክቡ መስታወት በደቂቃ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። ውሃ፣ በረዶ፣ የባህር ፍንጣቂ፣ የመጣው ሁሉ መስታወቱን እንደነካ ወደ ዳር ተወርውሮ ይወጣል። ዛሬም በብዙ መርከቦችና በነፍስ አድን ጀልባዎች ላይ ይህችን ክብ መስኮት ታገኟታላችሁ።

ያቺን ክብ መስታወት የሚያሽከረክራት ምንድን ነው? ኤሌክትሪክ ሞተር።

ኤሌክትሪክ አንድን ነገር ሳያቋርጥ እንዲሽከረከር ማድረግ እንደሚችል ለመጀመሪያ ጊዜ ያሳየውስ ማን ነው? የዛሬው ሰውዬአችን ነው። የሚገርመው ደግሞ ይህ ሰው ራሱ ከባህር ዳር መስታወት ጋር ግብ ግብ ገጥሞ ነበር። ስሙ ማይክል ፋራዴይ ይባላል።

አንድ ዳቦ ለአንድ ሳምንት

ፋራዴይ መስከረም 22 ቀን 1791 በዛሬዋ ደቡብ ለንደን ተወለደ። አባቱ አንጥረኛ ነበሩ፤ ብረት ይቀጠቅጣሉ። ግን ጤና አልነበራቸውም። አንድ ቀን ይሠራሉ፣ በነጋታው ይተኛሉ። ቤቱ አራት ልጆች አሉት። በ1801 የእህል ዋጋ ሰማይ በነካ ጊዜ የዘጠኝ ዓመቱ ማይክል ለሳምንት ሙሉ የሚበቃው ተብሎ አንድ ዳቦ ብቻ ይሰጠው እንደነበር በኋላ ራሱ አስታውሷል። አንድ ዳቦ፣ ሰባት ቀን።

ትምህርት ቤት ገብቷል ቢባልም ማንበብ፣ መጻፍና መደመር መቀነስ ከመማር አላለፈም። ሂሳብን በደንብ አልተማረም። ይህን ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በ13 ዓመቱ ሥራ ጀመረ። ሪቦ የሚባል የመጻሕፍት ነጋዴና ጠራዥ ዘንድ ተላላኪ ሆነ። በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ውድ ስለነበር ሰዎች እየተከራዩ ያነቡ ነበር። የማይክል ሥራ ጋዜጣውን ከአንዱ ቤት ወስዶ ለሌላው ማድረስ ነው። ዓመት ያህል እንደሠራ ሪቦ ወደዱትና ለሰባት ዓመት የጥረዛ ሙያ ተለማማጅ አድርገው ያዙት።

እዚህ ላይ ነው ዕድሉ የተከፈተው። ለጥረዛ የሚመጣውን መጽሐፍ ሁሉ ከመስፋቱ በፊት ያነባል። አንድ ቀን የመጣው መጽሐፍ ኢንሳይክሎፒዲያ ብሪታኒካ ነበር፤ ስለ ኤሌክትሪክ የሚለውን ክፍል አነበበ። ሌላ ጊዜ ጄን ማርሴት የተባለች ሴት ለጀማሪዎች የጻፈችውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ አገኘ። ያነበበውን ዝም ብሎ አላመነም። ያለችውን ሳንቲም አጠራቅሞ ዕቃ እየገዛ፣ መጽሐፉ ያለው ነገር እውነት መሆን አለመሆኑን ራሱ ይሞክር ነበር። የዩቲዩብ ቪዲዮ አይቶ ቤቱ ውስጥ የሚሞክር ልጅ ታውቁ የለ? ልክ እሱን ነበር።

መጽሐፉን ይዞ በር አንኳኳ

በ1812 አንድ የሱቁ ደንበኛ ለማይክል ትኬት ሰጠው። ትኬቱ የዘመኑ ዝነኛ ኬሚስት ሃምፍሪ ዴቪ በሮያል ኢንስቲትዩሽን የሚሰጠውን ትምህርት ለመከታተል ነው። ማይክል ሄደ፤ የሰማውን ሁሉ ማስታወሻ ያዘ፤ ቤቱ ገብቶ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጠው፤ ሥዕል ጨመረበት። ከዚያ ሙያው ነውና ራሱ ጠረዘው። 300 ገጽ የሚያህል መጽሐፍ ሆነ። ለዴቪም ሥራ እንዲሰጠው ከሚለምን ደብዳቤ ጋር ላከለት።

ዴቪ መጀመሪያ ላይ ተስፋ አልሰጠውም። ሳይንስ እንጀራ አይሆንህም፣ ጥረዛህን አትልቀቅ ብሎ መከረው። ግን ብዙም ሳይቆይ የዴቪ የቤተ ሙከራ ረዳት ከአንድ ሠራተኛ ጋር ተደባድቦ ተባረረ። ዴቪ ያንን የተጠረዘ መጽሐፍ አስታወሰ። መጋቢት 1 ቀን 1813 የ21 ዓመቱ ፋራዴይ ተቀጠረ። ሥራው ዕቃ ማጠብ፣ መሣሪያ ማዘጋጀትና መርዳት ነው። መኖሪያው ደግሞ እዚያው ሕንጻ አናት ላይ ያሉ ሁለት ክፍሎች ሆኑ።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ዴቪ በአውሮፓ ረጅም ጉዞ ሲወጣ ፋራዴይን ይዞት ሄደ። ፈረንሳይን፣ ጣሊያንን አየ፤ የዘመኑን ታላላቅ ሳይንቲስቶች ተዋወቀ። ነገር ግን የዴቪ አሽከር በመጨረሻ ሰዓት አልሄድም በማለቱ የአሽከሩም ሥራ ፋራዴይ ላይ ወደቀ። የዴቪ ሚስት እንደ ቤት ሠራተኛ ነበር የምታየው። ብዙ ጊዜ ተናዶ ሁሉን ትቶ ወደ አገሩ ለመመለስ አስቧል። አልተመለሰም። ንቀቱን ውጦ ትምህርቱን ያዘ።

የተሽከረከረችው ሽቦ

በ1821 ሁለት ትልልቅ ነገሮች ሆኑ። በሰኔ ወር ሳራ ባርናርድን አገባ። ልጅ አልወለዱም፤ ግን ትዳራቸው እስከ ዕለተ ሞቱ የጸና ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ፣ በመስከረም መጀመሪያ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ አንድ ነገር ሠራ።

አንድ ዋንጫ ውስጥ ሜርኩሪ ጨመረ፤ መሃሉ ላይ ማግኔት አቆመ፤ ከላይ ደግሞ ጫፏ ሜርኩሪውን የሚነካ ሽቦ አንጠለጠለ። በሽቦዋ ኤሌክትሪክ ሲለቅባት ሽቦዋ ማግኔቱን መዞር ጀመረች። ኤሌክትሪኩ እስካለ ድረስ ዙር አላቆመችም። እንግዲህ የዛሬው ቬንትሌተር፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ያቺ የመርከብ ክብ መስታወትም ጭምር የዘር ሐረጋቸው ወደዚህ ዋንጫ ይመለሳል።

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ዴቪ እና ዎላስተን የሚባል ሌላ ሳይንቲስት በዚሁ ጉዳይ ላይ ሲሠሩ ነበር። ፋራዴይ ውጤቱን ሲያሳትም ስማቸውን አላነሳም። የሰው ሐሳብ ሰረቀ የሚል ወሬ ተነዛ። በኋላ ለሮያል ሶሳይቲ አባልነት ሲታጭም ፕሬዚዳንቱ ዴቪ ራሱ ተቃወመው። ያሳደገው ሰው ማለት ነው! ሆኖም በ1824 አባል ሆኖ ተመረጠ። ፋራዴይ ስለ ዴቪ ክፉ ሲናገር አይሰማም ነበር፤ አስተማሪዬ ነው ማለቱን አልተወም።

ከዚያ 1831 መጣ። ነሐሴ 29 ቀን በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎች ጠመጠመ። በአንዱ ኤሌክትሪክ ሲከፍትና ሲዘጋ በሌላው ላይ የተገናኘው መርፌ ንቅንቅ አለ። ሁለቱ ሽቦዎች አይነካኩም፤ ግን ኤሌክትሪክ ተሻገረ። በጥቅምት ደግሞ ማግኔትን ሽቦ ውስጥ ማስገባትና ማውጣት ብቻውን ኤሌክትሪክ እንደሚፈጥር አየ። ቀጥሎም የመዳብ ሳህን በትልቅ ማግኔት መሃል እያሽከረከረ የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ አገኘ። ይህ የመጀመሪያው ጀነሬተር ነው።

ይህን የምታነቡበት ስልክ ቻርጀሩ ውስጥ ሁለት የማይነካኩ የሽቦ ጥቅልሎች አሉ። ያለ ገመድ የሚሞላው ስልክም በዚሁ መንገድ ነው የሚሞላው። የህዳሴ ግድብ ተርባይኖችም የሚያዞሩት ጀነሬተር በዚያ የ1831 ሕግ ነው ኤሌክትሪክ የሚያወጣው። ሁሉም የተጀመረው ሂሳብ በደንብ ባልተማረ የመጽሐፍ ጠራዥ እጅ ነው። ያዙልን ያልናችሁ ይህን ነበር። ፋራዴይ በእኩልታ ፋንታ በሥዕል ነበር የሚያስበው፤ በማግኔት ዙሪያ መስመሮች ይታዩት ነበር። በኋላ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል የሚባል ወጣት ሊቅ መጥቶ የፋራዴይን መስመሮች ወደ ሂሳብ ቀየራቸው።

ባህሩ ጠራው

አሁን ወደ መስታወታችን እንመለስ።

እንግሊዝ በባህር የተከበበች አገር ናት። ዳርቻዋ ቋጥኝና የአሸዋ ክምር የሞላበት ነው። በዚያ ዘመን ጂፒኤስ የለ፣ ሬዲዮ የለ። ሌሊት ላይ ካፒቴኑን የሚመራው የመብራት ማማ ብቻ ነው። ማማዎቹን የሚያስተዳድረው ትሪኒቲ ሃውስ የሚባል ጥንታዊ ድርጅት በ1836 ፋራዴይን የሳይንስ አማካሪው አድርጎ ሾመው። ክፍያው በዓመት 200 ፓውንድ ነበር። ፋራዴይ ይህን ሥራ ለ30 ዓመት ያህል አልለቀቀውም።

ብዙ ሰው ስለ ፋራዴይ ሲያወራ ይህን ክፍል ይዘለዋል። ሥራው እኮ ለዝና የሚሆን አይደለም። የመብራት ዘይት መመርመር፣ የማማውን ቀለም መፈተሽ፣ የማማ ጠባቂዎች የሚጠጡት ውሃ ጤናማ መሆኑን ማየት፣ መስታወትና ሌንስ መለካት፣ በጀልባ ወጥቶ ከሩቅ መብራቱን ማየት ነበር። እሱ ግን ከትልቁ ግኝቱ እኩል በጥንቃቄ ይሠራው ነበር።

ከእነዚህ ሥራዎች አንዱ ይህ ነው። በማማው አናት ላይ በመስታወት የተከበበ ክፍል አለ፤ መብራቱ መሃል ላይ ይነዳል። የመስታወቱ ውጪያዊ ፊት ላይ የባህር ፍንጣቂ ጨው ይጋግራል። ይህን ጠባቂው ያውቀዋል፤ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ፣ ነፋስ እየገፋው፣ አጥቦ ይጠርገዋል። ግን በቀዝቃዛ ሌሊት ጠባቂው ውጭውን አጽድቶ ሲመለስ መብራቱ አሁንም ደብዛዛ ነው። ለምን? መስታወቱ ከውስጥ በኩል በውሃ ተሸፍኗል። ብርዱ ሲበረታ ደግሞ ውሃው ወደ በረዶ ይቀየራል። ጠባቂው ከውስጥ ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይሸፈናል፤ ይጠርጋል፣ ተመልሶ ይሸፈናል።

ክረምት ላይ ሚኒባስ ውስጥ ሞልታችሁ ስትሄዱ መስታወቱ ሁሉ ጭጋግ ሲለብስ፣ ሹፌሩም አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሌላው በጨርቅ ሲጠርግ አይታችሁ ይሆናል። ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ፣ እዚህ መስታወቱ ሲደበዝዝ የሚሳሳተው በሩቅ ባህር ላይ ያለ፣ ማማውን ተማምኖ የሚመጣ መርከብ መሆኑ ነው። መብራቱ የራቀ ይመስለዋል፣ ወይም ጭራሽ አያየውም። መርከቡ ውስጥ ደግሞ ሰው አለ።

ውሃው ከየት መጣ?

ፋራዴይ ሰዎች ሳያስቡት የሚያልፉትን ጥያቄ ጠየቀ፤ ማማው ዝግ ነው፣ ዝናብ አይገባም፤ ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

መልሱ ከእሳቱ ራሱ ነው። ይህን ስንሰማ እኛም ገርሞን ነበር። ዘይት ውስጥ ሃይድሮጂን አለ። ዘይቱ ሲነድ ሃይድሮጂኑ ከአየር ኦክስጅን ጋር ይዋሃድና ውሃ ይሆናል፤ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አንድ ኪሎ ዘይት ሲነድ ከአንድ ኪሎ ትንሽ የሚበልጥ ውሃ ይወጣዋል። ከዘይቱ የበለጠ እንዴት ይወጣል ካላችሁ፣ ትርፉን ክብደት የሚጨምረው ከአየሩ የመጣው ኦክስጅን ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሚነድ ትልቅ መብራት እንግዲህ ስንት ሊትር ውሃ መስታወቱ ላይ እንደሚለቅ አስቡት።

ማመን ካቃታችሁ ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሻማ አብሩና ቀዝቃዛ፣ ደረቅ ብርጭቆ ከነበልባሉ ከፍ አድርጋችሁ ለአፍታ ድፉበት። ብርጭቆው ውስጡ ጭጋግ ይይዛል። እጃችሁን ግን እንዳታቃጥሉ። ፋራዴይ ራሱ በገና ሰሞን ለልጆች በሚሰጠው ዝነኛ የሻማ ትምህርት ላይ ከነበልባል ውሃ እንደሚወጣ አሳይቷል። የገናውን ትምህርት 19 ጊዜ ሰጥቷል፤ ሮያል ኢንስቲትዩሽን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይቀጥለዋል።

ችግሩ አንዴ ከታወቀ መፍትሔው ቀላል ይመስላል፤ የጭስ ማውጫ መሥራት። ግን ሌላ ጣጣ አለ። ማማው ላይ የሚነፍሰው የባህር ነፋስ በጭስ ማውጫው ተመልሶ ከገባ መብራቱን ያጠፋዋል፤ ያኔ ከደብዛዛ ወደ ድቅድቅ ጨለማ ተሸጋገራችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ፋራዴይ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ የሠራው ቧንቧ ከመብራቱ በላይ በተያያዙ ቁርጥራጮች የሚወጣ ነው። እያንዳንዱ ቁራጭ የታች አፉ ሰፋ ያለ ነው፤ ከሥሩ ያለው የቧንቧ ጫፍ እሱ ውስጥ ትንሽ ገባ ይላል፣ መሃላቸው ክፍተት አለ። ትኩሱ ጭስና እንፋሎት ወደ ላይ ሲሄድ ክፍተቱን አልፎ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ነፋስ ከላይ ወደ ታች ከመጣ ግን በክፍተቶቹ በኩል ወደ ጎን ይበተናል፤ ነበልባሉ ጋ አይደርስም።

በቃ ይኸው ነው። ቧንቧና ክፍተት። መስታወቱ ደረቀ። ጠባቂው የሚተነፍሰው አየርም ንጹህ ሆነ። መብራቱ ወደ ባህሩ ወጣ።

ለወንድሙ የሰጠው ሀብት

ይኸው ሐሳብ ለቤት መብራትም ይሆናል። በለንደን አቴኔየም በሚባለው ክለብ ውስጥ የጋዝ መብራቶቹ ከሚያወጡት ጋዝ የተነሳ አባላቱን ራስ ምታት ያማቸው፣ የመጻሕፍቱም ቆዳ ይበላሽ ነበር። የፋራዴይ የመብራት ጭስ ማውጫ ገላገላቸው። ገበያ ያለው ዕቃ ሆነ ማለት ነው።

ፋራዴይ ምን አደረገ? ወንድሙ ሮበርት የጋዝ መብራት ገጣጣሚ ነበር። ማይክል ፈጠራውን ለወንድሙ ሰጠው፤ ሮበርትም በ1843 በራሱ ስም ፓተንት አወጣበት። ሮበርት እኮ ማይክል ልጅ እያለ በአንጥረኛ ጉልበቱ ቤተሰቡን ሲደግፍ የኖረ ታላቅ ወንድም ነው። ውለታ ተመለሰ።

ለምን ለራሱ አላስቀረውም? ፋራዴይና ሳራ ሳንዴማኒያን የሚባል የአንድ አነስተኛ የክርስቲያን ማኅበር አባላት ነበሩ። ማኅበሩ በምድር ላይ ሀብት ማከማቸት ተገቢ አይደለም ብሎ ያስተምር ነበር። ፋራዴይ የሚያምነውን የኖረ ሰው ነው። በዓለም ላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ኢንዱስትሪ ሁሉ የወለደው ሰው ሀብታም ሆኖ አልሞተም። የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሁን ሲባልም አልቀበልም አለ።

የራሱ ጭጋግ

ሌላም ልትሰሙት የሚገባ ነገር አለ። ፋራዴይ የማማውን መስታወት ከጭጋግ ባወጣበት በዚያው ዘመን የራሱ አእምሮ ጭጋግ ለብሶት ነበር። ከ1839 መጨረሻ ጀምሮ ራሱን ያዞረው፣ ያመው፣ ነገር ይረሳ ጀመር። ዶክተሮች እረፍት አዘዙለት። በ1841 ሳራ ወደ ስዊዘርላንድ ወሰደችው፤ እዚያ ተራራውን በእግሩ ሲያካልል ከረመ። ተመልሶም ለዓመታት ትልቅ ምርምር መሥራት አቅቶት ቆየ።

መላው ምን ነበር? መጻፍ። የቤተ ሙከራ ማስታወሻው በተራ ቁጥር የተደረደረ ነው፤ ቁጥሩ በመጨረሻ ከ16,000 አልፏል። የረሳውን ወደዚያ ተመልሶ ያነባል። በ1845 አገግሞ ተነሳና ማግኔት ብርሃን ላይ ተጽእኖ እንዳለው አሳየ። ያንን ያየው ደግሞ ከዓመታት በፊት ራሱ ባቀለጠው ከባድ መስታወት በኩል ነው። እንደገና መስታወት!

የማየት ነገር ሁሌም ያሳስበው ነበር። በ1855 በቴምዝ ወንዝ ላይ በጀልባ ሲሄድ የውሃው ቆሻሻ አስደነገጠው። ነጭ ካርድ ቀዶ፣ ውሃ አስነክቶ፣ በየወደቡ ወንዙ ውስጥ ይጥል ጀመር። ካርዱ ገና አንድ ኢንች ሳይሰምጥ ከዓይን ይሰወራል። ይህን ጽፎ ለታይምስ ጋዜጣ ላከ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1858 በጋ፣ የወንዙ ግማት ፓርላማውን ራሱ አስጨነቀውና ለንደን ትልቁን የፍሳሽ መስመር ለመሥራት ተገደደች።

በበረዶ ውስጥ የተጓዙት ሽማግሌ

አሁን ፋራዴይ አርጅተዋል፤ እኛም አንቱ እንበላቸው።

በታኅሣሥ 1858 በዶቨር አጠገብ ባለው ሳውዝ ፎርላንድ የመብራት ማማ ላይ አዲስ ነገር ተሞከረ። ሆልምስ የሚባል ሰው በእንፋሎት ሞተር የሚሽከረከር ጀነሬተር ሠርቶ ማማውን በኤሌክትሪክ አበራው። ጀነሬተሩ የሚሠራው ፋራዴይ በ1831 ባገኙት ሕግ ነው። ማማው የሚያስጠነቅቀው ደግሞ ጉድዊን ሳንድስ የሚባለውን፣ ብዙ መርከብ የበላ የአሸዋ ክምር ነው። ኤሌክትሪክ ብርሃን ዘይት አይነድበትም፤ እንደ ዘይት መብራት መስታወቱን የሚያለብስ ያን ሁሉ ውሃም አያወጣም።

ይህን ብርሃን መርምረው ለትሪኒቲ ሃውስ ሪፖርት የሚያደርጉት ፋራዴይ ራሳቸው ነበሩ። ሌላ ሰው ቢሆን የራሱ ልጅ ነውና ያለ ጥያቄ ያጨበጭብለት ነበር። እሳቸው ግን ጠየቁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ይበራል ወይ? ጠባቂዎቹ ሊይዙት ይችላሉ ወይ? ወጪውስ?

በየካቲት 1860 ሊያዩት ወደ ዶቨር ሄዱ። ዕድሜያቸው 68 ነው። በረዶ ጥሎ መንገዱ ተዘግቷል፤ ሠረገላ አያልፍም። ወደ ለንደን ተመለሱ። ሌላ ሰው እስኪሞቅ ይጠብቅ ነበር። እሳቸው በዚያው ሳምንት አርብ ዕለት እንደገና ሄዱ። መንገዱ አሁንም ዝግ ነው። አጥር ዘለሉ፣ ግንብ ተሻገሩ፣ በእርሻ መሃል በበረዶ ውስጥ ሄዱና ማማው ደረሱ። ማየት ያለባቸውን አይተው፣ መጠየቅ ያለባቸውን ጠይቀው ተመለሱ። በ1862 ደንጀነስ የሚባለው ማማ በኤሌክትሪክ ብርሃን እንዲሠራ ተደረገ።

ማስታወስ እያቃታቸው ሲሄድ ፋራዴይ ሥራቸውን አንድ በአንድ ለቀቁ። የመጨረሻውን የገና ትምህርት የሰጡት ለ1861 አዲስ ዓመት መባቻ ሲሆን፣ ርዕሱ ያው ሻማ ነበር። የትሪኒቲ ሃውስን ሥራ የተዉት በ1865 ነው፤ ከመጨረሻዎቹ መሃል ማለት ነው። ንግሥት ቪክቶሪያ በሰጠቻቸው የሃምፕተን ኮርት ቤት ውስጥ ነሐሴ 25 ቀን 1867 አረፉ። የእንግሊዝ ነገሥታትና ኒውተን ባረፉበት ዌስትሚኒስተር አቢይ መቀበር ይችሉ ነበር። አልፈለጉም። ሃይጌት መካነ መቃብር ውስጥ ስማቸውና ቀኑ ብቻ ከተጻፈበት ቀላል ድንጋይ ሥር ተቀበሩ።

እኛ ምን እንያዝ?

ይህን ታሪክ ስናዘጋጅ ከሁሉም በላይ ልባችንን የነካው ጀነሬተሩ አልነበረም፤ ያ ቧንቧ ነው። ዓለምን የቀየረ ግኝት በእጁ ያለ ሰው፣ ራሱ ታሞ፣ ስሙን ለማያውቁ ባህረኞች ሲል አንድ መስታወት ለምን እንደሚደበዝዝ ቁጭ ብሎ ያስባል። ጠባቂውን ሰነፍ አላለውም፤ ጨርቅ ጨምሩለትም አላለም። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው ብሎ ነው የጠየቀው። ብዙ ጊዜ እኛ ችግርን ስንጠርግ እንውላለን፤ ምንጩን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ዛሬ ማታ በሆነ ባህር ላይ፣ በማዕበል መሃል፣ አንዲት ክብ መስታወት ትሽከረከራለች። የባህሩ ፍንጣቂ ይመታታል፤ ጨዉ ግን አይጋገርባትም። ከኋላዋ የቆመው ካፒቴን ፊት ለፊቱን ጥርት አድርጎ ያያል። ያቺን መስታወት የሚያዞራት ሞተር ከየት እንደመጣ እሱ ላያውቅ ይችላል። እናንተ ግን አሁን አወቃችሁ።

እናንተስ በቤታችሁ፣ በሥራችሁ ወይም በሰፈራችሁ ሁሌ የምትጠርጉት፣ ምንጩን ግን ጠይቃችሁ የማታውቁት ችግር ምንድን ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ እናነባለን። ታሪኩን ከወደዳችሁት ደግሞ ትምህርት አልሆነልኝም ብሎ ለተከፋ አንድ ወዳጃችሁ አጋሩለት። ሰላም ሁኑ!